ቀኙ ፓራፋንጎ

የመኪናችን ቀኝ ፓራፋንጎ የእኔ ነበር። ሞተሩ፣ መሪው፣ ጎማው፣ ድሮ ሬዲዮ የነበረበት ባዶ ቀዳዳ ሳይቀር የባለቤቴ ነው፤ ከቀኙ የፊት ጎማ በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ ግን የእኔ። እንዲህ ነው ብሎ የተናገረ ሰው የለም። ሁለታችንም ግን እናውቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱመርሶ የቡና ማሳ አለን። ወደ ማሳው ለመግባት ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በእንሰትና በቡና መሐል የሚወርድ ጠባብ መንገድ አለ። መንገዱ ታች ሲደርስ ወንዝ ያቋርጠዋል። ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ድልድይ ይባል እንጂ ለግራና ለቀኝ ጎማ የተጋደሙ፣ ከላይ የተጠረቡ ግንዶች ናቸው። መሐሉ ክፍት ስለሆነ ውሃው ይታያል። ባለቤቴ የግራውን ጎማ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያየዋል። የቀኙን ማየት አይችልም። ስለዚህ ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ እኔ እወርዳለሁ፤ ከቀኙ ጎማ አጠገብ አጎንብሼ ጎማውና ግንዱ መገጣጠማቸውን አያለሁ። አጎንብሼ ስለምቆም አያየኝም። ብጮህም ሞተሩ ድምፄን ይውጠዋል። ስለዚህ ፓራፋንጎውን በመዳፌ እመታለሁ። አንድ ምት ቁም ማለት ነው፤ ሁለት ምት ና ማለት ነው። ከቆመ በኋላ ቀና ብዬ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ በእጄ አሳየዋለሁ። ጎማው ልክ ሲገባ ሁለቴ እመታለሁ፤ እሱ ይሻገራል፣ እኔ በእግሬ እከተላለሁ።

ልማዱን ማናችን እንደጀመርነው አላስታውስም። እሱ የቡና ልማት ባለሙያ፣ እኔ እዚያው መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርን። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ካወጣቸው አሮጌ ጂፖች አንዱን ገዛ። ከዚያ ወዲህ በእሸት ቡና ወቅትም፣ ከዚያ ውጭም፣ ዱመርሶ ያልሄድንበት ሳምንት ጥቂት ነው። መንገድ ላይ ብዙ አናወራም። እሱ ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ይላል፤ እኔ ስለ እንሰቱ አንድ ነገር እላለሁ። ድልድዩ ላይ ግን ሁልጊዜ እንነጋገራለን፤ አንድ፣ ሁለት፣ እያልን።

እጄ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተበልቶ ብረቱ ወጥቶ ነበር። የመዳፍ ያህል ቦታ ነው።

ባለፉት ዓመታት የባለቤቴ ጆሮ እየደከመ መጣ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመሐል ወንበር ተነሥቶ ከፊት፣ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። እኔ መቅረቡን ወደድኩለት እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ከዚያ አንድ ቀን ዲላ ገበያ አጠገብ አንድ ባጃጅ ከኋላው ጥሩንባውን እየነፋ ተከተለው፤ እሱ መሐል መንገዱን ይዞ እንደ ሠርግ መኪና ቀስ እያለ ቀጠለ። ልጃችን ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ልጃችን እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሠራለች፤ ነገር አታበዛም፤ ያለችውን ግን ትይዛለች። ያን ዕለት ቤት ስንደርስ፣

«እማዬ፣ አባዬ መኪና መንዳት የለበትም» አለችኝ።

«ከተማ ውስጥ አይንዳ» አልኳት። «ዋናው መንገድ ላይ አንቺ ንጂ። ከመገንጠያው ወዲያ ግን ይንዳ።»

«ድልድዩስ?»

«ድልድዩ ላይ እኔ አለሁ። ይሰማኛል።»

ትንሽ አሰበች። «እሺ» አለች፤ «የሚሰማሽ ከሆነ። አንድ ቀን ካልሰማሽ ግን ቁልፉ የእኔ ነው። ማሳውን የሚጠብቅ ሰው እንቀጥራለን።»

ባለቤቴ አጠገባችን ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ይህን ሰማ አልሰማ አላወቅሁም። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ አንድ ወንበር ነበር። ታላቅ ወንድሙ የመኪናውን ቁልፍ ለልጆቹ ያስረከበ ዕለት በረንዳ ላይ ወንበር ወጣለት። ልጆቹ መልካም ልጆች ናቸው፤ ወንበሩም ጥሩ ወንበር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማሳውን አላየውም።

እንዲህ እያለን ፓራፋንጎዎቹ አለቁ። የዱመርሶ ጭቃ ከጎማው እየተነሣ ውስጥ ለውስጥ ይጣበቅና ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ ይመጣል። ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ አስበይዶታል፣ በስቱኮ አስደፍኖታል። በመጨረሻ ስቱኮው ከብረቱ በለጠ። የግራው ፓራፋንጎ መንገድ ላይ ስንሄድ እንደ ዶሮ ክንፍ ይራገብ ጀመር። ዋናውን ብረት ፈለግን፤ ለዚህ ዕድሜ መኪና የሚሆን የለም አሉን። ልጃችን በስልኳ ስትፈላልግ አዲስ አበባ ከፋይበር ግላስ የሚሠሩ ሰዎች አገኘች። ፎቶውን አሳየችን። አዘዘች።

በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው መጡ። ከመናኸሪያው ወደ ጋራዡ የወሰድናቸው በባጃጅ ነው። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ወጥተው ነበርና ባጃጁ ሊበር የተነሣ ይመስል ነበር። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ሲስቅ ሄደ።

«እማማ፣ እንግዲህ ከተነሣን የት ላውርድዎት?»

«ጋራዡ በር ላይ» አልኩት። «ቀስ ብለህ ውረድ።»

የጋራዡ ባለቤት ቦዲም ቀለምም የሚሠራ፣ አርባ የሚሆነው የጪጩ ሰው ነው። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ መኪናውን በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ አንዴ እሱ አንዴ እሷ ይላታል። የእኛን ጂፕ ግን ለየት አድርጎ ነው የሚጠራት። «ይቺ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አንቱ ብዬ ነው የምነካት» ይላል። እውነትም መዶሻውን ሲያነሣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ» ይላታል።

ባለቤቴ አዲሱን ፓራፋንጎ በአንድ እጁ አነሣው። በጣም ቀላል ነው። አገላብጦ አየው፤ በጣቱ አንኳኳው።

«ይሄ ሳፋ ነው» አለ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። «ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገዝታችሁ መጣችሁ?»

«አባዬ፣ አይዝግም እኮ!» አለች ልጃችን።

«ሳፋም አይዝግም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓራፋንጎዎቹ ጋራዡ ውስጥ ሳፋዎቹ ተባሉ።

አሮጌዎቹን መፍታት ቀላል አልነበረም። ብሎኖቹ ከዝገቱ ጋር አንድ ሆነው ነበር፤ ገሚሱን የጋራዡ ሰውዬ በእሳት አሞቀው፣ ገሚሱን ቆረጠው። ቀኙ ሲወርድ ሰውዬው በብርሃን በኩል ይዞ አየው።

«እማማ፣ ሌላውን ዝገት በላው፤ ይህችን ቦታ ግን ምን በላት? ዝገት አይደለም፤ የተወለወለ ነው የሚመስለው።»

«እንጃ» አልኩት። ወስዶ ከግድግዳው ጋር አስደገፈው።

አዲሶቹ ልክ አልመጡም። አንዱ ቀዳዳ ሲገጥም ሌላው ጣት ያህል ይሸሻል። ሰውዬው ጫፋቸውን እየሞረደ፣ አንዳንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሌላ እየበሳ ሠራ። ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ክፉ ነው፤ ክንድ ላይ ካረፈ ቀኑን ሙሉ ያሳክካል። አፉን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ እጅጌውን አስሮ ነበር የሚሠራው። ብሎን ሲያስርም እንደ ብረት ጨክኖ አያጠብቅም። ፋይበሩ እንዳይሰነጠቅ ከብሎኑ ራስ ሥር ሰፊ ሮንዴላ፣ ከሮንዴላው ሥር ደግሞ ከጎማ ውስጠኛ የአየር ከረጢት የቆረጠው ክብ ላስቲክ ያደርጋል። «እንደ ሕፃን ቁልፍ ነው የሚቆለፈው፤ አንገቱ እንዳይታነቅ» ይል ነበር። እኔም ባለቤቴም ይህን ላስቲክ ጎሽ አልን። ጥንቃቄው ደስ አለን።

ከዚያ የቀለሙ ነገር መጣ። ልጃችን ሙሉ መኪናው አንድ ጊዜ እንዲቀባ ፈለገች።

«አባዬ፣ ነጭ ይቀባ» አለችው።

«ይግባ፣ በሩ ክፍት ነው» አለ ባለቤቴ።

«ነጭ ይቀባ ነው ያልኩት!»

«አዎ፤ ማን ነው? ይግባ።»

ሰውዬው ስቱኮውን ጥሎ ወጣ፤ ውጭ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። ነጭ ቀረ። አረንጓዴው ይቆይ ተባለ፤ ግን የትኛው አረንጓዴ? በር ሲከፈት ላስቲኩ ሥር ፀሐይ ያላየው ቦታ አለ፤ እዚያ ያለው እንደ እንሰት ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ነው። ውጭው ግን በዓመታት ፀሐይ ነጥቶ እንደ ደረቀ ጎመን ሆኗል። ባለቤቴ የበሩን ሥር ቀለም ፈለገ። «መኪናው ሲሠራ እንዲያ ነበር» አለ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ።

«የዛሬውን ምሰል» አልኩት። «በቀድሞው ከቀባኸው ፓራፋንጎዎቹ ሙሽራ፣ ሌላው አማች ይሆናል።»

ባለቤቴ ምን እንዳልኩ ጠየቀ፤ ጆሮው ጋ ቀርቤ ደገምኩለት። አሰበና «እውነቷን ነው» አለ።

ሰውዬው ቀለሙን እየቀላቀለ ካርቶን ላይ ይቀባል፤ ካርቶኑን ፀሐይ ላይ ያደርቅና ከበሩ ጋር ያስተያየዋል። ቀለም እርጥብ ሲሆንና ሲደርቅ አንድ አይደለም። ካርቶኖቹ በዝተው አጥሩ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተው ነበር። አንዱ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም በጣታችን ነካነው፤ እሱ ነበር።

ፋይበሩ ከቅርጹ ሲወጣ የሚያብረቀርቅ ገጽ አለው። ያ ካልተነሣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል አለ፤ በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ አሸው። መጀመሪያ ሥር ቀለም ረጨ፤ ቀጥሎ መሬቱን አቧራ እንዳይነሣ ውሃ አጠጥቶ አረንጓዴውን ረጨ። ቀትር ላይ ዘንቦ ስለነበር ክንፋም ምስጥ ወጣ፤ ከሰማይ ቀጥታ እርጥቡ ቀለም ላይ ወረደ። ሰውዬው መርጫውን አስቀምጦ ተቀመጠ። «አሁን እንግዲህ ላባ አወጡ» አለ። በማግስቱ አሽቶ እንደገና ረጨ። የወጣው ቀለም ግን ያማረ ነበር። ከሩቅ የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ አይታወቅም።

እንዲህ አድርገን ሁሉን ነገር መረመርን፤ ቀለሙን፣ ክፍተቱን፣ ብሎኑን። ድምፁን ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

መኪናው በሚወጣበት ቀን ልጃችንም መጣች። ባለቤቴ ገብቶ አስነሣ። ከጋራዡ መውጫ በቀኝ በኩል የድሮ ጎማ ክምር ነበር። ቦታው ጠባብ ነው፤ እንደ ልማዴ ወደ ቀኙ ጎማ ሄጄ አጎነበስኩ። ወደ ክምሩ ሲቀርብ አንድ ጊዜ መታሁ።

ጠፍ አለ። ትራስ የመታሁ ያህል ነው። እጄ እንኳ ግራ ተጋባ።

እሱ አልቆመም። እንደገና መታሁ፤ ጠፍ። መጥቶ ከጎማው ክምር ጋር ተሳሳመ፤ ላይኛው ጎማ ተንከባሎ በጋራዡ በር ወጥቶ ሄደ። መኪናው ምንም አልሆነም። ባለቤቴ አንገቱን አወጣ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ።

«ዝም አላልኩም፤ መታሁ» አልኩት። አልሰማኝም።

ልጃችን በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም አይታለች። አልተናደደችም። ወደ አባቷ መስኮት ሄዳ እጇን ዘረጋች። ባለቤቴ እጇን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ መዳፉ ውስጥ ያዘው፤ አልሰጣትም፣ አልከለከላትምም።

«ቆይ» አልኳት። «ጆሮው አይደለም። ፓራፋንጎው ነው። ድምፅ የለውም።»

«እማዬ…»

«ነይና ምችው።»

መጣችና መታችው። ሰውዬውም መጣ፤ እሱም መታው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከግድግዳው የተደገፈውን አሮጌ ብረት መታሁላቸው፤ ጓ አለ። ያን ጊዜ ሰውዬው የተወለወለችውን ቦታ አየ፤ ከዚያ እጄን አየ። መጋዙን አመጣ።

ያችን የመዳፍ ያህል ቦታ ዙሪያዋን ሰፋ አድርጎ ከአሮጌው ቆረጠ። ዝገት ያልደረሰባት እሷ ብቻ ነበረች። ጫፏን ሞረደ፣ ጥግ ጥጓን በሪቬት ምስማር አዲሱ ፓራፋንጎ ላይ ለጠፋት፤ እኔ በምመታበት ቦታ ላይ። ባለቤቴ ገብቶ አስነሣ። አጎንብሼ መታሁ። አሁን ድምፅ አለው፤ ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ፤ መንገድ ማዶ ባጃጁን የሚያጥበው ሰው ዞረ።

ባለቤቴ ግን ፊት ለፊት እያየ ተቀምጧል። ደግሜ መታሁ። ጠበቀ። ልጃችን ወደ እኔ አልተመለከተችም፤ ይህን የምታደርገው ስታዝን ነው።

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። «መታሁ እኮ» አልኩት፤ ጮክ ብዬ።

«አልመጣም» አለ።

«ምኑ?»

«ወደ እግሬ አልመጣም።»

ሞተሩን አጠፋ። መጀመሪያ መሪውን አየ፣ ከዚያ ልጁን አየ፤ ልጁ መስማቷን ያውቃል። ቢሆንም ተናገረ።

«በጆሮዬ አልነበረም የምሰማሽ። ሞተሩ እየሠራ በጆሮዬ ከሰማሁ ቆየሁ። ስትመቺው በወለሉ በኩል ወደ እግሬ ይመጣል። መሪው ላይም ትንሽ ይመጣል። አሁን አይመጣም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ልጃችን።

«ቆይቷል።»

«ቤተ ክርስቲያንም ድምፅ ማጉያው ጋ የምትቀመጠው…»

«ወንበሩ ይዘምራል» አለ ባለቤቴ።

እኔ ስለ ራሴ የማስበው ትንሽ ነገር ነበረኝ። ስንት ዓመት ድምፄን በጆሮው እየሰማ ነው ብዬ ነበር፤ እሱ በእግሩ ይሰማኝ ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቅሁም፤ ግን አልከፋኝም። ታይፕ ስመታ የነበረ ጊዜ እኔም ፊደሉን በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ ነበር የማውቀው።

«እንግዲያ ላስቲኩ ነው» አልኩ ለሰውዬው። «ያን ያደረግከው ላስቲክ ነው ያስቀረው። ብረቷን ከፋይበሩ ጋር አታጋባት። ከሥር ካለው አካል ጋር አጋባት።»

ጭንቅላቱን አከከ። «ከሻንሲው ጋር?»

«ወደ እግሩ የሚሄደው በየት ነው?»

«በሻንሲው።»

«እንዲያ ከሆነ።»

ሪቬቶቹን ነቀለ። ከወፍራም ብረት አንድ ክንድ ሠራ፤ አንደኛውን ጫፍ ከውስጥ ከመኪናው አካል ጋር በሁለት ብሎን ያለ ላስቲክ ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ፋይበሩን ሰፋ አድርጎ በስቶ ሌላውን ጫፍ በቀዳዳው አወጣ፤ ጫፉ ላይ የእኔን ብረት በየደው። ብረቷ ከፓራፋንጎው በላይ ሳትነካው ቆመች፤ በመሐላቸው የቢላዋ ውፍረት ያህል ክፍተት አለ። አረንጓዴ ቀባት። እኔ ሳይቀባት ይቅር ብዬ ነበር፤ «እማማ፣ ጥፍር ሳትቀባ ሙሽራ አልሸኝም» አለኝ።

ሲደርቅ ሞከርነው። ባለቤቴ አስነሣ። አንድ ጊዜ መታሁ። አንሥቶት የነበረውን እግሩን ፍሬኑ ላይ ጣለ፤ መኪናው አልተነቃነቀም ነበርና ቁጭ ብሎ ሳቀ።

«መጣ!» አለ። ጋራዡ ሁሉ ሰማ።

ልጃችንም ሳቀች፤ ግን የያዘችውን አልለቀቀችም። «ጋራዡ ደረቅ መሬት ነው» አለች። «ድልድዩ ላይ አይቼ ነው። ምቱን ሰምቶ ከቆመ የቁልፉ ነገር ዳግመኛ አይነሣም፤ ካልቆመ ግን ቁልፉ የእኔ ነው።»

«ምን አለች?» አለ ባለቤቴ።

ነገርኩት።

«ቅዳሜ» አለ።

ቅዳሜ ሄድን። እስከ መገንጠያው ልጃችን ነዳች። ጪጩ ላይ ሙዝ ገዛን። ወናጎን አልፈን ወደ ዱመርሶ ስንቀርብ ሰማዩ ጠቆር ብሎ ነበር፤ አልዘነበም። መገንጠያው ላይ ቦታ ተለዋወጡ። ባለቤቴ መሪውን ሲይዝ ጫማውን አወለቀ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው ልጃችን።

«ጆሮዬን እየጠረግሁ» አላት፤ በካልሲ ፔዳሉ ላይ አረፈ።

መንገዱ ያው ነው። የእንሰቱ ቅጠል መስኮቱን ይነካል፤ ቡናው አንዳንድ ቦታ ቀልቷል። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ በሬን ከፈትኩ። ልጃችን ከኋላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«እኔ ልውረድ፣ እማዬ። እኔ ልምታው። አንቺን ለምዶ ሊሆን ይችላል፤ መቆሚያውን በግምት ሊያውቀው ይችላል። እኔ ባልተጠበቀ ቦታ ላቁመው።»

ልክ ነበረች። እንዲህ ያለ ነገር እኔም ቢሆን አደርግ ነበር። ለባለቤቴ ግን አልነገርነውም። ሁለታችንም ወረድን፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ቆምኩ፣ እሷ በእኔ ቦታ አጎነበሰች። ከወገቧ በታች ጭቃ ነክቷት ነበር፤ ግድ አላላትም። መኪናው ቀስ እያለ መጣ። ከግንዱ ገና ክንድ ያህል ሲቀረው፣ እኔ መቼም የማላቆምበት ቦታ ላይ፣ አንድ ጊዜ መታች።

ቆመ። ወዲያው ቆመ።

ልጃችን ቀና ብላ እኔን አየች። ፊቷ ላይ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። አባቷ አንገቱን በግራ መስኮት አውጥቶ ጮኸ።

«ማን ነው የመታው? የእናትሽ እጅ አይደለም!»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ!» ብላ ጮኸች።

«በር ነው እንዴ የምታንኳኪው? እናትሽን ጥሪ፤ ልሻገር!»

ልጃችን እየሳቀች ከመንገድ ወጣች። እኔ ቦታዬ ላይ አጎነበስኩ። ጎማው ከግንዱ ጥቂት ወደ ቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ መታሁ፤ ቆመ። በእጄ ወደ ግራ አሳየሁት፤ አስተካከለ። ሁለቴ መታሁ። ግንዶቹ ትንሽ ጮኹ፣ መኪናው ተሻገረ።

ማሳው ውስጥ ባለቤቴ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ፍሬውን በጣቱ እየገለበጠ ሲያይ ዋለ። እኔና ልጃችን ጥላው ሥር ቆጮና ጎመን በላን። ስንመለስ ቁልፉን ሳትጠይቅ ከኋላ ተቀመጠች። ድልድዩ አፍ ላይ እኔ ወረድኩ።

አሁንም እንሄዳለን። ከመገንጠያው ወዲያ እሱ ይነዳል፤ ጫማውን አውልቆ። ሰውዬው የሠራው ፓራፋንጎ አልዛገም፤ ባለቤቴ ግን እስካሁን ሳፋ ነው የሚለው። ብረቷ ላይ የተቀባው አረንጓዴ ከመዳፌ ሥር ገና አልተላጠም።

ይላጣል።